አእምሮን ኮምፒውተር ላይ መጫን ከሞት ያድናል?



ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በሰኔ 2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ መጥታ እንደነበር ብዙዎቻችን እናስታውሳለን። የአካሏን ክፍሎች የያዘ ሻንጣ ፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ ላይ ጠፍቶ ጋዜጣዊ መግለጫዋ ተሰረዘ፤ በኋላ ግን ከጠቅላይ ሚኒስትር ዐቢይ አሕመድ ጋር ተገናኘች። በዚያው ዓመት በጥቅምት ወር ሳዑዲ ዐረቢያ ዜግነት ሰጥታት ስለነበር በሙስሊሙ ዘንድ ብዙ አነጋግራለች። በአገራችን ደግሞ የአዲስ አበባው አይኮግ ላብስ ወጣቶች በሶፍትዌሯ ሥራ መሳተፋቸው አኩርቶናል።

በዚያ ሁሉ ወሬ መሃል እምብዛም ያልተነሳ ነገር አለ። ሶፊያን የሠራው ሃንሰን ሮቦቲክስ ከእሷ በፊት ቢና 48 የምትባል ሌላ ሮቦት ሠርቶ ነበር። ያችን ሮቦት ያሠራው ቴራሴም የተባለ ድርጅት ነው። በሕይወት ያለች አንዲት ሴት ትዝታዋን፣ አመለካከቷንና አነጋገሯን በብዙ ሰዓት ቃለ መጠይቅ ሰብስበው ወደ ሮቦቷ አስገቡት። የድርጅቱ ሐሳብ ግልጽ ነው፦ ስለ አንድ ሰው በቂ መረጃ ከተጠራቀመ፣ አንድ ቀን ያ ሰው ራሱ በሌላ አካል ተመልሶ ሊኖር ይችላል የሚል ነው። አይኮግ ላብስን እ.ኤ.አ. በ2013 ከጌትነት አሰፋ ጋር የመሠረተውና የሃንሰን ሮቦቲክስ ዋና ሳይንቲስት የነበረው ቤን ጎርትዘልም የሰው አእምሮ ወደ ኮምፒውተር ሊዛወር ይችላል ከሚሉት አንዱ ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የሩቅ አገር ወሬ ብቻ አይደለም። የአገራችን የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሥራ ገና ከጅምሩ የዚህ ሐሳብ ጎረቤት ነበር።

ጥያቄው በዶርሞቻችንም ይነሳል። «አእምሮን ገልብጦ ኮምፒውተር ላይ ማስቀመጥ ከተቻለ ሩሕ የምንለው ምንድን ነው? ሞትስ? አኺራስ?» ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ወገን «ፈጽሞ አይቻልም፤ ስለዚህ አትጨነቅ» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላው ወገን «ሳይንስ ካለ አለቀ» ብሎ ይደነግጣል። በእኔ እምነት ሁለቱም አይበጁንም። ይህ ተስፋ ቢሳካም ባይሳካም ሟችን አያድንም። ይልቁንም በሟቾቻችንና በራሳችን ላይ ያለብንን ሐቅ እንዳያስረሳን ነው መጠንቀቅ ያለብን።

ሳይንሱ የት ደርሷል?

በመጀመሪያ ነገሩን በልኩ እንወቀው። በሰው አእምሮ ውስጥ 86 ቢሊዮን ገደማ የነርቭ ሕዋሳት አሉ። እያንዳንዱ ሕዋስ በሺዎች ከሚቆጠሩ ሌሎች ጋር ሊገናኝ ይችላል። አእምሮን መጫን ይቻላል የሚሉ ሰዎች ሐሳብ ይህን ሁሉ ግንኙነት በካርታ አንስቶ በኮምፒውተር ውስጥ ማስኬድ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ሳይንቲስቶች የአንዲት ትንሽ ትል የነርቭ ካርታ አጠናቀው አሳተሙ። ትሏ ያሏት የነርቭ ሕዋሳት 302 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2024 ደግሞ የአንዲት ጎልማሳ የፍራፍሬ ዝንብ ሙሉ የአእምሮ ካርታ ታተመ፤ 139 ሺህ ገደማ ሕዋሳትና ከ50 ሚሊዮን በላይ ግንኙነቶች አሉት። በዚያው ዓመት የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲና የጎግል ተመራማሪዎች ከሰው አእምሮ አንድ ኪዩቢክ ሚሊ ሜትር የምታህል ቁራጭ አጥንተው ውጤቱን ይፋ አደረጉ። ቁራጯ ለሚጥል በሽታ ቀዶ ሕክምና ከተደረገላት ሴት የተወሰደች ናት። ከሩዝ ፍሬ በምታንሰው በዚች ቁራጭ ውስጥ 57 ሺህ ገደማ ሕዋሳትና 150 ሚሊዮን ገደማ ግንኙነቶች ተገኙ። ምስሉን ለማስቀመጥ ብቻ 1,400 ቴራባይት አስፈልጓል። የሰው አእምሮ በሙሉ ደግሞ ከዚያ ቁራጭ ከአንድ ሚሊዮን ጊዜ በላይ ይበልጣል።

በዚያ ላይ ካርታ ማለት ኑሮ ማለት አይደለም። የሐዋሳን መንገዶች በሙሉ የሚያሳይ ካርታ በእጃችን ቢኖር፣ ከፒያሳ ወደ አቶቴ የትኛው ባጃጅ ማንን ጭኖ እንደሚሄድ፣ ተሳፋሪው ምን እያሰበ እንደሆነ አይነግረንም። የትሏ ካርታ ከታተመ አሥርት ዓመታት ቢያልፉም፣ ትሏን ኮምፒውተር ውስጥ እንደ ነፍሷ ልትንቀሳቀስ አድርጎ ማኖር ገና አልተጠናቀቀም። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 የጀመረው ታላቁ የሰው አእምሮ ፕሮጀክትም በ2023 ሲዘጋ ለሕክምናና ለምርምር የሚጠቅሙ ብዙ ነገሮችን ትቶ አልፏል፤ ኮምፒውተር ውስጥ የሚያስብ የሰው አእምሮ ግን አላስገኘም።

ይህም ሆኖ ገበያው አልጠበቀም። እ.ኤ.አ. በ2018 ኔክቶም የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ የሰውን አእምሮ በኬሚካል ጠብቆ ወደፊት እስኪነበብ ድረስ ለማቆየት ተነሳ። ተራ ለሚይዙ ሰዎች 10,000 ዶላር መያዣ ይቀበል ነበር። ሐሳቡ ግን አንድ አስደንጋጭ ነገር አለው፤ ኬሚካሉ የሚገባው ሰውዬው ገና በሕይወት እያለ ስለሆነ አሠራሩ ራሱ ይገድላል። ኩባንያው ይህን አልደበቀም። ነገሩ ሲሰማ አብሮት ይሠራ የነበረው የኤም.አይ.ቲ. ዩኒቨርሲቲ ውሉን አቋረጠ። ራስን መግደል ሐራም መሆኑን ለሚያውቅ ሙስሊም የዚህ ዓይነቱ መንገድ ፍርዱ ብዙ ምርምር አይጠይቅም።

«አይቻልም» የሚለው መልስ አይበቃም

ከላይ ያለውን ቁጥር ሰምቶ «አልሐምዱሊላህ፣ እንደማይቻል ታወቀ» የሚል ሰው ሊኖር ይችላል። እዚህ ላይ መጠንቀቅ አለብን። ዛሬ አልተቻለም ማለት ነገም አይቻልም ማለት አይደለም። ከትል ወደ ዝንብ ለመድረስ 38 ዓመት ፈጅቷል፤ ቀጣዩ ምን ያህል እንደሚፈጅ አላህ ያውቃል። ሬይ ከርዝዌል የተባለው አሜሪካዊ ፈልሳፊ እ.ኤ.አ. 2045ን ቀጠሮ አድርጎ ይዟል። ቀጠሮው ይሳሳት ይሆናል። ነገር ግን ኢማናችንን «ሳይንቲስቶች እዚህ አይደርሱም» በሚል ውርርድ ላይ ካሰርነው፣ እነሱ አንድ እርምጃ በተራመዱ ቁጥር የእኛ ልብ አንድ እርምጃ ይሸሻል። አንድ ወንድማችን ወይም እህታችን በላብራቶሪ አዲስ ውጤት ሰምተው እምነታቸው ቢናወጥ፣ ጥፋቱ ደካማ መሠረት ያቀበልናቸው የእኛም ጭምር ነው።

ቁርኣን ስለ ሩሕ ሲናገር ጉዳዩ የአላህ እንደሆነና ለሰው ልጅ የተሰጠው ዕውቀት ጥቂት እንደሆነ በሱረቱል ኢስራእ ያስተምረናል። ይህ «አትመርምሩ» ማለት አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እንድንታከም አዘዋል፤ ከእርጅና በቀር መድኃኒት ያልተፈጠረለት በሽታ እንደሌለም ነግረውናል። የሚጥል በሽታን፣ የመርሳት በሽታን፣ ሽባነትን ለማከም አእምሮን ማጥናት ከዚህ ትእዛዝ ውስጥ ይገባል። በሕክምና ኮሌጃችንና በቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩታችን የምትማሩ እህቶችና ወንድሞች በዚህ መስክ ብትገፉ ምንዳ አላችሁ፤ ኢንሻአላህ። ልብ በሉ፤ በዚያው ሐዲስ እርጅና ተለይቶ ወጥቷል። ሕክምና ለበሽታ ነው። ሞትን ከነአካቴው ለማስቀረት መነሳት ግን ሌላ ነገር ነው። በሱረቱ ጣሃ እንደምናነበው ሸይጧን አባታችንን አደምን (ዐ.ሰ) ያታለለው በዚሁ ነበር፤ የዘላለምነትን ዛፍና የማያረጅ ንግሥናን ላሳይህ ብሎ። ማስታወቂያው አዲስ አይደለም፤ ዕቃው ብቻ ተቀይሯል።

ቅጂው ማን ነው?

እንግዲህ ለክርክር ያህል ተሳክቷል እንበል። አንድ ተማሪ ምንም ሳይጎዳ አእምሮው ተነስቶ ኮምፒውተር ላይ ተጫነ። ስክሪኑ ላይ ያለው ነገር «እኔ እሱ ነኝ» ይላል። የአያቱን ስም ይጠራል፤ የማትሪክ ውጤት የመጣበትን ቀን ያስታውሳል፤ በልጅነቱ የሐፈዛቸውን ሱራዎች ይቀራል። ተማሪው ደግሞ አጠገቡ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ ርቦታል፤ ዙህር ሊያመልጠው ነው። አሁን አንድ ሰው መጥቶ «አንተ እዚያ ውስጥ ተቀምጠሃል፤ ስለዚህ ይኼኛውን ብንገድለው ምንም አይቀርብህም» ቢለው ይስማማል? አይስማማም። የማይስማማውም ስክሪኑ ላይ ያለው ምንም ያህል ቢመስለው እሱ እንዳልሆነ ስለሚያውቅ ነው። ተማሪው በሞተ ጊዜ ይሞታል። የሚቀረው እሱን የሚመስል ነገር ነው።

ደጋፊዎቹ ለዚህ መልስ አላቸው፤ ደካማ መልስም አይደለም። ሃንስ ሞራቬክ የተባለው የሮቦት ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተመው መጽሐፍ የገለጸው መንገድ አለ፤ አእምሮን በአንድ ጊዜ ከመገልበጥ ይልቅ ሰውዬው ነቅቶ እያለ ቀስ በቀስ፣ ጥቂት በጥቂት በመሣሪያ መተካት። የሰውነታችን ብዙ ሕዋሳትስ በየጊዜው ይተኩ የለም ወይ? «እኔ» የሚለው ስሜት ሳይቋረጥ ከቀጠለ የትኛዋ ደቂቃ ላይ ነው ሰውዬው የሞተው? ይላሉ። ጥያቄው በእውነት ከባድ ነው። ነገር ግን ጥያቄው የሚያሳየን «እኔ» የምንለው ነገር ምን እንደሆነ የሰው ልጅ እስከ ዛሬ አለማወቁን ነው። ምን እንደሆነ ያልታወቀን ነገር «ከዚህ ወደዚያ አዛውሬዋለሁ» ማለት ደግሞ ሳይመዝኑ መሸጥ ነው።

ሌላም የሚረሳ ነገር አለ፤ ሒሳብ። አንድ ፋይል አንድ ጊዜ ከተገለበጠ አምስት ጊዜም ይገለበጣል። ከአምስቱ ቅጂዎች አንዱ ቢሰርቅ፣ አንዱ ቢዋሽ፣ አንዱ ዚክር ቢያደርግ መዝገቡ የማን ነው? ሱረቱ መርየም በትንሣኤ ቀን ሰው ሁሉ ብቻውን እንደሚቀርብ ይነግረናል። ተጠያቂነታችን አንድ ለአንድ ነው። በምትክ የሚሰግድልን፣ በምትክ ተውበት የሚያደርግልን ቅጂ የለም። በዚህ ዓለም እንኳ ብናየው ቅጂው የራሱ ጌታ አይሆንም። የሚኖረው በአንድ ኩባንያ ሰርቨር ላይ ነው። ወርሃዊ ክፍያ ይኖረዋል፤ ኩባንያው ይሸጣል፤ ይከስራል፤ ደንብ ይቀይራል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እስኪነሳ ሲጠባበቅ የሚኖር «ዘላለም» ምን ዓይነት ዘላለም ነው? ገንዘቡ የሚያኖረው የሚመስለውን ሰው ሱረቱል ሁመዛ አስቀድማ አስጠንቅቃዋለች።

አካላችንም የእኛ ነው

የዚህ ሐሳብ ሥር አካልን መናቅ ይመስለኛል። ሰው ማለት መረጃ ብቻ ነው፤ ሥጋው የሚጣል ቅርፊት ነው የሚል ነው። ይህ ለእኛ አዲስ ክርክር አይደለም። ከ900 ዓመት በፊት ኢማሙ አል-ገዛሊ «ተሃፉቱል ፈላሲፋ» በተባለው ኪታባቸው፣ ትንሣኤ ለነፍስ ብቻ እንጂ ለአካል አይደለም ያሉትን ፈላስፎች ተከራክረዋል። እኛ የምናምነው የሚነሳው ሰው ከነአካሉ እንደሆነ ነው። ሱረቱል ቂያማ አላህ የጣት ጫፍን እንኳ አስተካክሎ እንደሚመልስ ትናገራለች።

ለዚህ ነው ሟችን የምናጥበው፤ የምንከፍነው፤ በእጃችን የምንሸከመው። የሟችን አጥንት መስበር በሕይወት ያለን ሰው አጥንት እንደ መስበር እንደሚቆጠር ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረዋል። ጀናዛ ያጠበ ሰው አካል ቅርፊት አለመሆኑን ያውቃል። ሌሊቱን በሞላ ስልክ ላይ የምናሳልፍ እኛስ ብንሆን? የእንቅልፍ ሐቅ፣ የዐይን ሐቅ፣ የምግብ ሐቅ የሚጠይቀን አካል አደራ ተሰጥቶናል። ይህን አደራ ችላ ብለን በስክሪን ውስጥ መኖር የጀመርን እኛው ነን፤ 2045ን መጠበቅ አላስፈለገንም።

ለሟቹ ነው ወይስ ለእኛ?

እስካሁን ያልነው ስለ ሩቁ ነው። አሁን ደርሶ በራችንን የሚያንኳኳው ግን ሌላ ነው፤ የሞተን ሰው በድምፁና በጽሑፉ አስመስሎ የሚያናግር ፕሮግራም። ለዚህ ሙሉ የአእምሮ ካርታ አያስፈልግም። የቴሌግራም የድምፅ መልእክቶችና የተጠራቀሙ ጽሑፎች ይበቃሉ። ከርዝዌል እ.ኤ.አ. በ1970 የሞተውን አባቱን ደብዳቤዎችና ጽሑፎች ለአሥርት ዓመታት አስቀምጦ፣ በእነሱ ላይ የተመሠረተ የሚያወራ ፕሮግራም አሠርቷል። እ.ኤ.አ. በ2020 ደግሞ በደቡብ ኮሪያ ቴሌቪዥን አንዲት እናት በሕመም የሞተች ትንሽ ልጇን በኮምፒውተር በተሠራ ምስል ዐይኗ ላይ በተደረገ መሣሪያ አማካይነት ስታናግር ታየች። ያን አይቶ ያላለቀሰ ሰው ጥቂት ነው።

በእነዚህ ሰዎች ኀዘን ላይ መፍረድ አይገባም። ናፍቆት ከባድ ነው። የሟች እናትን የድምፅ መልእክት አስቀምጦ ማዳመጥም ቢሆን ፎቶዋን እንደማየት ነው፤ የተናገረችው እሷ ናት። ድንበሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። ፕሮግራሙ እሷ ያላለችውን በእሷ ድምፅ ሲናገር በሟች ላይ እየተዋሸ ነው። «እናቴ ይቅር አለችኝ» ብሎ የሚጽናና ልጅ ይቅር ያለው ማሽን ነው። «አባቴ ይህን ቤት ለአንተ ነው ያለው» የሚል ድምፅ ነገ በወራሾች መካከል ቢቀርብስ? ወሲያ በሚነገርበት፣ ቃል በሚከበርበት ቤተሰብ ውስጥ የሟችን ድምፅ ማስመሰል ቀልድ አይደለም።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ጥያቄ አለ፦ ይህ ፕሮግራም ለሟቹ ምን ያደርግለታል? ምንም። የሚያገለግለው በሕይወት ያለነውን ነው። ሟቹን ወደ አገልጋይነት ይለውጠዋል፤ በፈለግን ሰዓት የምንከፍተው፣ በሰለቸን ጊዜ የምንዘጋው። የእኛ ዲን ነገሩን ገልብጦታል። ሰው ከሞተ በኋላ አገልጋዮቹ እኛ ነን፤ ዱዓ የምናደርግለት፣ ዕዳውን የምንከፍልለት፣ ሰደቃ የምናወጣለት፣ ወዳጆቹን የምንጠይቅለት። አንድ ሰው ሲሞት ሥራው ከሦስት ነገር በቀር እንደሚቋረጥ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ነግረውናል፤ ሰደቀቱል ጃሪያ፣ የሚጠቅም ዕውቀት፣ ዱዓ የሚያደርግለት መልካም ልጅ። ሦስቱም ሟቹ በሕይወቱ ተክሏቸው፣ ሌሎች ሰዎች የሚያስቀጥሏቸው ናቸው። ሦስቱም ውስጥ ሟቹን የሚመስል ነገር የለም፤ የሟቹ ጥቅም ግን አለ።

ለዚህ ቅርብ ምሳሌ አለን። ቁርኣን ወደ አማርኛ ተተርጉሞ በ1961 ዓ.ም. ሲታተም ሐጅ ሰይድ ሙሐመድ ሳዲቅና ሐጅ ሙሐመድ ሳኒ ሐቢብ ደክመውበታል። ዛሬ በየዶርሙ ትርጉሙን የሚከፍት ተማሪ አብዛኛው ድምፃቸውን ሰምቶ አያውቅም። የአእምሯቸው ካርታ የትም የለም። ግን ያ ትርጉም በተነበበ ቁጥር ምንዳው እንደሚደርሳቸው ተስፋ እናደርጋለን። ከሞት በኋላ መቅረት ማለት ለእኔ ይህ ነው።

እኛስ ምን እናድርግ?

ወጣት ስለሆንን ሞት ሩቅ ይመስለናል። ይሁንና ከዛሬ ጀምሮ ማድረግ የምንችላቸው ጥቂት ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ወሲያችንን እንጻፍ። ወሲያ የሚደረግበት ነገር ያለው ሙስሊም ሳይጽፈው ሁለት ሌሊት ሊያድር እንደማይገባ ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) አስተላልፈዋል። «ተማሪ ነኝ፤ ምን አለኝ?» አንበል። ለክፍል ጓደኛችን ያለብን 500 ብር ዕዳ ነው። ከቤተ መጻሕፍት የወሰድነው መጽሐፍ አደራ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ዕዳ ባለበት ሰው ላይ ሌላ ሰው ዕዳውን እስኪወስድ ድረስ ለመስገድ ወደኋላ ብለው እንደነበር አንርሳ።

ሁለተኛ፣ ስልካችንንና ገጾቻችንን ወሲያው ውስጥ እናስገባ። ቴሌግራም ለተወሰኑ ወራት ካልተከፈተ ራሱን እንዲሰርዝ የሚያደርግ ማስተካከያ አለው። ፌስቡክ ከሞትን በኋላ ገጻችንን የሚጠብቅ ሰው አስቀድመን እንድንመርጥ ይፈቅዳል፤ ጎግልም ተመሳሳይ አሠራር አለው። ከሞትን በኋላ እየታየ ወንጀል የሚያስቆጥርብን ነገር ካለ ዛሬውኑ እናጥፋው። ድምፃችንና ምስላችን ለማስመሰያ እንዳይውል የምንፈልግ ከሆነም በግልጽ ጽፈን ለቤተሰብ እንስጥ።

ሦስተኛ፣ በሕይወት ያሉትን አሁን እንቅዳ፤ ሊተኩን ሳይሆን ሊጠቅሙን። በየገጠሩ በቃላቸው ኪታብ የሚያስቀሩ ሸኾች፣ የአካባቢያቸውን ታሪክ የሚያውቁ አያቶች አሉን። ለእረፍት ስንሄድ ፈቃዳቸውን ጠይቀን ድምፃቸውን ብንይዝ፣ የተናገሩትን እንዳለ ብናቆይ፣ የሚጠቅም ዕውቀት ይሆንላቸዋል። የቴክኖሎጂ ተማሪዎቻችን ይህን የሚያከማች ቀላል ሥርዓት ለመሥራት ችሎታው አላቸው።

አራተኛ፣ በቴሌግራም ድምፅ የምናስቀምጥላቸው ወላጆቻችን በሕይወት ካሉ እንደውል። ይቅርታ የሚጠየቅ ካለ ዛሬ እንጠይቅ። ነገ ከማሽን የምንለምነው ይቅርታ ዛሬ በአንድ የስልክ ጥሪ ይገኛል።

ሱረቱል አንቢያእ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በፊት ለማንም ሰው ዘላለምነት እንዳልተሰጠና ነፍስ ሁሉ ሞትን እንደምትቀምስ ታስታውሰናለች። ለሙስሊም ይህ መርዶ አይደለም። ዘላለምን የምንፈልገው ስለተፈጠርንበት ነው፤ ቦታው ግን ሰርቨር ላይ አይደለም። አላህ ዕድሜያችንን ለሚጠቅም ነገር የምናውል፣ ሟቾቻችንን በዱዓ የማንረሳ፣ እሱን በመልካም ፍጻሜ የምንገናኝ ያድርገን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።